የቁም መርዶ

የልጄን ሆድ ያደነቀው ሰፈሩ ነው። ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናዬን የዘረጋሁበት በረንዳ አለ። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ቆም ብሎ የልጁን ሆድ በመዳፉ መታ መታ ሳያደርግ አያልፍም። «ማሻአላህ! ይሄ ቡና ነጋዴ ነው የሚሆነው» ይላሉ። በዚያው «ነጋዴው» የሚል ስም ወጣለት። ያኔ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቢሆነው ነው። እግሩ ቀጭን፣ ክንዱ ቀጭን፣ ሆዱ ግን ቀድሞት ይሄዳል። እኔም ሞኝ አይደለሁም፤ ቀጭን እግርና ትልቅ ሆድ ሲገናኙ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሰው ልጅሽን ሲያደንቅልሽ «የለም፣ ታሟል» ብለሽ አትከራከሪም። ትስቂያለሽ፣ ሱሪውን ከወገቡ ሰፋ አድርገሽ ትሰፊለታለሽ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገንዳ ውስጥ አቁሜ ሳጥበው በቀኝ በኩል ከጎድኑ በታች እጄ ደረቅ ነገር ነካ። ጫን ስለው አይሸሽም። ልጁ አላለቀሰም። እጄን በሁለት እጁ ይዞ «አዮ፣ ዲሲ» አለኝ። አዮ እኔ ነኝ፣ እናቱ፤ ተይው ማለቱ ነው። የልጄ አፍ እንደ ሰፈሩ ነበር፣ ግማሹ ኦሮምኛ ግማሹ አማርኛ። ተውኩት። ፎጣ አልብሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩትና እንደገና ዳሰስኩት። አለ። የእኔን ቡጢ ያህላል።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በዛ። አንዷ ጎረቤት ወስፋት ነው አለች፣ ሌላዋ ጣፊያ ነው፣ መተኮስ ነው መድኃኒቱ አለች። ሦስተኛዋ ዓይን ነው ብላ እኔን እኔን አየችኝ፣ «ለምን በየበረንዳው ታሳይዋለሽ?» ትናንት ሆዱን መታ መታ ስታደርግ የነበረችው እሷ ናት። የወስፋት ሽሮፕ ገዝቼ አጠጣሁት። ወስፋት የሚባል አልወጣም። ጊንጆ ጉዱሩ ካለ አንድ ክሊኒክ ወስጄ አልትራሳውንድ አስነሳሁት። ሰውየው መጀመሪያ ከልጁ ጋር ይጫወት ነበር፣ «ነጋዴው እንዴት ነህ?» እያለ። መሣሪያውን ሆዱ ላይ ሲያሳርፍ ጨዋታው ቆመ። ወዲህ አደረገው፣ ወዲያ አደረገው። ከዚያ ሆዱን በሶፍት እየጠረገለት «ሆስፒታል ውሰጂው። ዛሬውኑ» አለኝ።

ባሌ አይሱዙ ይነዳል። መኪናው የታላቅ ወንድሙ ነው፤ ወንድምየው ሊሙ ገነት ላይ ስሙ የተጠራ ቡና ነጋዴ ነው። ወቅቱ እሸት ቡና የሚለቀምበት ስለነበር ባሌ ከለቃሚዎች እየተቀበለ ወደ ማጠቢያው ሲያመላልስ ይውላል። ደወልኩለት። «ወንድሜ ይመጣል» አለኝ። እሱ አልመጣም፣ ወንድሙ ይመጣል! በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ሴት ብቻዋን አትሰማም። የሚሰማ ወንድ መኖር አለበት። እኔ የስንቱን ሰው ትከሻ ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ሰፍቼ የማድር ሴት ነኝ፤ ጆሮም አለኝ። ግን ሥርዓት ነው ተባለ፣ እሺ አልኩ።

ወንድምየው መጣ። ያኔ አንቱ ነበር የምለው። እሱ ሲገባ እነሳለሁ፣ እሱ ሳይቀምስ አልቀምስም። አሁን አንቱ የሚል አፍ የለኝም፣ ስለዚህ እሱ እለዋለሁ፤ የሚቀየም ይቀየም። ደግ ሰው ነው ይሉታል። የሊሙን ድሃ ያበላል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ቤተሰቡ ውስጥ ያለ እሱ ቃል በግ አይታረድም። ሆስፒታል ስንመላለስ ከጎኔ አልጠፋም። ደም ወሰዱ። ልጁን አስተኝተው በሲቲ ስካን አነሱት። ከጉበቱ ላይ በመርፌ ቆንጥረው ለምርመራ ወሰዱ። ልጄ ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋወን ሲያይ አንገቴ ውስጥ ይደበቃል።

ውጤቱ የደረሰ ዕለት ልጁ ጭኔ ላይ ተኝቶ ነበር። ነርሷ ከበር ብቅ ብላ «የልጁ ቤተሰብ» አለች። ልነሳ ስል ወንድምየው እጁን አነሳ፣ «አንቺ ልጁን ያዢ። አትቀስቅሺው።» ገባ። በሩ ተዘጋ። እኔ የበሩን ቀለም እያየሁ ጠበቅሁ። ሲወጣ ኮፊያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት። ከኋላው ወጣቱ ዶክተር ብቅ አለና እኔን አየኝ፣ «ነገ ጠዋት አብራችሁ ኑ። እናትየዋም ትምጣ» አለ። ወንድምየው «እሺ፣ እሺ ዶክተር» እያለ ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ መራኝ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«አልሃምዱሊላህ፣ ቀላል ነው። ጉበቱ ላይ ትንሽ እብጠት አለች። ኦፕራሲዮን ይፈልጋል፣ አሁን ግን አቅም የለውም። ሊሙ ሄዶ አየር ይቀይር፣ ጠንከር ሲል ይሠሩለታል።» ትንሽ አሰበና ጨመረበት፣ «ብቻ ቅባት እንዳይነካ ብለዋል። ወተትም። ጉበቱን ይጎዳዋል።»

ውሸቱን ነው። እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ይሄን የሚያነብ ግን አሁኑኑ ይወቀው፣ መደባበቅ በቅቶኛል። ዶክተሩ የነገረው እንዲህ ነበር፦ ልጁ ጉበቱ ላይ ያለው ክፉ ዕጢ ነው፣ ካንሰር ነው። ትንንሽ ልጆች ላይ የሚወጣ ዓይነት ነው። ለዚህ ዓይነቱ መድኃኒት አለ። በደም ሥር ይሰጣል፣ ዕጢው ይቀንሳል፣ ሲቀንስ ተቆርጦ ይወጣል። ከባድ ነው፣ ግን ብዙ ልጆች ይድኑበታል። በዚህ ሳምንት እንጀምር። ሰውየው ከዚህ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ይዞ ወጣ፣ ካንሰር የሚለውን። ሌላውን እዚያው በሩ ጋ ጣለው።

ከዚያ በኋላ ያደረገው መርዶ የሰማ ሰው የሚያደርገውን ነው። በእኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው ሲሞት ለቅርቡ ቶሎ አይነገርም። ሩቁ ይሰማል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ሽማግሌ ይመከርበታል፤ እናት ከሆነች ደግሞ ሁሉም አውቆ ያበቃና እሷ መጨረሻ ትሰማለች። እስከዚያው ቡና ይፈላል፣ ይሳቃል፣ «ትንሽ አሞታል እንጂ ደህና ነው» ይባላል። ርኅራኄ ነው ይሉታል። ይሄ ሰው በሕይወት ያለውን፣ ጭኔ ላይ የሚያንኮራፋውን የልጄን መርዶ ሰምቶ ወጣ። ለገዛ እናቱ ነገረ፣ ለባሌ ነገረ። ለእነሱም ቢሆን መድኃኒት አለ መባሉን አልነገራቸውም። «ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል» ነው ያላቸው። በማግስቱ «እናትየዋም ትምጣ» የተባለው ቀጠሮ ሰዓት ላይ እኔና ልጄ ሊሙ ገነት መንገድ ላይ ነበርን።

አማቴ ከአፋቸው በጎ ቃል የማይወጣ ሴት ነበሩ። የከተማ ልጅ ስለሆንኩ ወጥ አታውቅም፣ ቤት አታውቅም፣ መርፌ ይዛ ትውላለች እያሉ ዓመት ከዓመት ያሙኛል። ያን ቀን ከበር ወጥተው አቀፉኝ። የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልኝ። «እግርሽን ልጠብሽ» ሲሉ አፍሬ እግሬን ሰበሰብኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔ ግን በልቤ «ለካ ሴትዮዋ ሲያውቋቸው ደግ ናቸው» አልኩ። ጎረቤቱም እንቁላሉን፣ ማሩን፣ አቮካዶውን ይዞ ይመጣል። ይገቡና ልጁን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ መሬት ያያሉ። ለበሽተኛ ጠያቂ ሲበዛ ደስ ይላል። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ወላሂ።

ሰውየው የከለከለውን እኔ እንደ ሃይማኖት ጠበቅሁ። የኦፕራሲዮን ነገር ነው፣ ቀልድ የለም! ከግቢው አማቴ ላም ያልባሉ፤ ልጄ የወተቱን ድምፅ ከባልዲው ሲሰማ ገና አልጋ ላይ ሆኖ «አነን! አዮ፣ አነን!» ይላል። ወተት ማለቱ ነው። እኔ የተቀቀለ ድንችና ስኳር በጥብጬ አቀርብለታለሁ። ይገፋዋል። «ስትድን ትጠጣለህ፣ አንድ ጣሳ ሙሉ» እለዋለሁ። አንድ ቀን አማቴ ኩባያ ሙሉ ወተት ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ወንድምየው እዚያው ተቀምጦ ነበር። ራሱን ወዘወዘ። ልጁ ወተት ከጠጣና ምንም ካልሆነ ውሸቱ ይፈርሳል፣ ስለዚህ አይጠጣም። አማቴ ኩባያውን አስቀምጠው ወደ ማድቤት ሄዱ። ተከትዬ ስሄድ ዓይናቸው ቀልቷል። «ጭሱ ነው» አሉኝ። እሳት አልነበረም።

ባሌ ምሽት ላይ ይመጣል። ልብሱ የማጠቢያውን የኮመጠጠ የቡና ገለባ ይሸታል። ልጁን ብድግ አድርጎ ይስመዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እኔን አያየኝም። «ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጅማ ትንሽ ሰፋ ያለ ቤት እንከራይ» ስለው «ጎማውን ልይ» ብሎ ይወጣል። «ለኢድ አንድ ዓይነት ጀለቢያ እሰፋላችኋለሁ» ስለው ጎማውን ሊያይ ይወጣል። የአገር ጎማ ሁሉ በእሱ እጅ ያለ ይመስል! ደክሞት ነው፣ የቡና ወቅት ነው እያልኩ ለራሴ ምክንያት እሰጠዋለሁ። ቁርጡን የማያውቅ ሰው ለሁሉም ነገር ምክንያት ያገኛል።

አንድ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ዱዓ ተደረገ። ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው ተቀመጡ፣ ልጄን አስመጥተው ራሱን ዳበሱ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አሚን፣ አሚን እላለሁ። ለበሽተኛ «አላህ አፊያ ያድርገው» ነው የሚባለው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይሄንኑ ነው። እነሱ «አላህ ያግራለት፣ ለወላጆቹም ሶብር ይስጥ» ይላሉ፣ ለሚያጣጥር ሰው እንደሚባለው። አፊያ የሚል ሰው ጠበቅሁ። አንድም አላለ። አሚን ማለቴን አቆምኩ።

የዚያን ዕለት ወንድምየውን በግቢው፣ ጀንፈሉ፣ ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና፣ ከተሰጣበት ምንጣፍ አጠገብ አገኘሁት። «ቀጠሮው መቼ ነው?» አልኩት።

«ኦብሲ፣ ልጄ። ታገሺ። ቡናው ይግባ።»

«ቡናው ከልጄ ጉበት ጋር ምን አገናኘው?»

«ኦብሲ» አለና ጀንፈሉን በእግሩ ገለበጥ ገለበጥ አደረገ።

ልጄ በበኩሉ እየመነመነ ነበር። ሆዱ ላይ ሰማያዊ ሥሮች ወጡ። ሲተነፍስ ትከሻው ይነሳል። ፊቱ ትንሽ ሆነ፣ ዓይኑ ትልቅ ሆነ። መራመድ ተወ፣ ከዚያ መጫወት ተወ። አንድ ጠዋት ባልዲው ውስጥ ወተት ሲወርድ እየሰማ ዝም አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ልጄ ወተት መጠየቅ ሲተው ሆዴ ቆረጠ። ሐኪሙ ያዘዘው ነገር ልጄን እንዲህ ካደረገው ሐኪሙን አንድ ነገር ልጠይቀው አለብኝ አልኩ። «እናትየዋም ትምጣ» ያለው ትዝ አለኝ። እንግዲህ እናትየዋ ትመጣለች።

ጠዋት ባሌና ወንድሙ ወደ ማጠቢያው ከሄዱ በኋላ ልጁን አዘልኩት። አማቴ አጥር በር ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ አታንገላቺው። በወገን መሀል ይረፍ» አሉኝ።

«ከምን ይረፍ?» አልኳቸው።

ፊታቸውን ሳይ አንድ ነገር እንዳለ አወቅሁ፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ከበሩ ገለል አሉልኝ። ለዚህ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ልጁን ደረቴ ላይ አድርጌ ጅማ እስክንደርስ እህል አልቀመስኩም።

ዶክተሩ ገና በትምህርት ላይ ያለ፣ ከሰሜን አገር የመጣ ወጣት ነው። እኔን ረስቶኛል፤ የልጁን ሸሚዝ ገልጦ ሆዱን ሲያይ ግን አስታወሰ። እጁን ሆዱ ላይ አሳርፎ ቆየ።

«እህቴ፣ የት ነበራችሁ?»

«ሊሙ ገነት። እንዳዘዛችሁት አየር ሲቀይር። ቅባት አላስነካሁትም፣ ወተትም አንድ ጠብታ አላስቀመስኩትም።» በኩራት ነው የነገርኩት። ይሰማችኋል? በኩራት!

«ወተት? ወተት ማን ከለከለ?»

«እናንተ ናችሁ እንጂ። ለኦፕራሲዮኑ።»

ወንበር ስቦ ከፊቴ ተቀመጠ። ለብቻዬ ነው የነገረኝ፣ ዓይኔን እያየ፣ ቀስ ብሎ። ካንሰር የሚለውን ቃል ስለ ልጄ ያን ጊዜ ሰማሁ። መድኃኒት አለ ብሎ ለአጎትየው እንደነገረው፣ በማግስቱ ጠብቆን እንደቀረን፣ በተሰጠው ስልክ ደጋግመው እንደደወሉ ነገረኝ። ስልኩ የማን ነው ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። «አንድ ቀን አነሱት፤ 'ለአላህ ሰጥተነዋል፣ አትደውሉ' አሉኝ» አለ።

«ያኔ ብትጀምሩለት ይድን ነበር?» አልኩት።

«ይድን ነበር ብዬ መማል አልችልም። ብዙዎቹ ይድናሉ።»

«አሁንስ?»

«ሳንባውን እንይ» አለ። አዩ። ሳንባው ላይ ደርሷል። ያም ሆኖ መድኃኒቱን እንጀምር አለ፣ ከልጁ አቅም ጋር እያየን። ደግ ሰው ነው ብዬ አላወድሰውም፣ ቃሉ እንደ መቀስ ነው የቆረጠኝ። ግን ለእኔ ለእናቱ ነገረኝ። ከዚያ ሁሉ ዘመድ መሀል የነገረኝ አንድ ባዕድ ነው።

ባሌ በማግስቱ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ «ለምን ታሰቃዪዋለሽ? ተስፋ የለውም ተብሏል እኮ» ሲለኝ ያኔ ገባኝ፣ እሱም አልሰማም። እጁን ይዤ ወደ ዶክተሩ ወሰድኩት። ሰማ። ሲወጣ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። እኔ ወንድሙን ያንቀዋል ብዬ ነበር። «ታላቄ ነው፣ ያሳደገኝ እሱ ነው» አለ። «ክፉ አስቦ አይደለም።» የልጁን ነገር ሰምቶ መጀመሪያ የታየው የወንድሙ ልብ ነው። ያን ዕለት ትዳራችን አለቀ፣ ወረቀቱ በኋላ ቢመጣም።

ወንድምየውም መጣ። አልካደም። ሚስቱ ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ በዚሁ በሽታ፣ በጡት ካንሰር፣ ታክማ እንደሞተች አውቃለሁ። «ጸጉሯ አለቀ፣ አፏ ቆሰለ፣ አንጀቷን አስታወከችው፣ ከዚያም ሞተች። ያየሁትን እንዳታዪ ብዬ ነው። ልጁም በመርፌ ሳይበሳሳ በሰላም እንዲሄድ» አለኝ።

«እሷ ሌላ፣ እሱ ሌላ። ዶክተሩ ይድናሉ አላለህም?»

«እነሱ ሁሌም እንደዚያ ይላሉ» አለ። አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። አልተቆጣም። በልጇ በሽታ የተደነጋገረች ሴት አድርጎ ነው ያየኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገሬ ሰው፤ የሌላውን በሽታ ስለደበቀ ግን የተባለ ነገር አልሰማሁም።

መድኃኒቱ ተጀመረ። አስታወከው፣ አፉ ቆሰለ፣ ጸጉሩ ትራስ ላይ ቀረ። ሰውየው የፈራው ሁሉ ሆነ፣ አልዋሸም። አንድ ቀን ግን ዶክተሩ ሆዱን ዳስሶ እንደገና ዳሰሰ፣ «ቀንሷል» አለ። እኔም ነካሁት፣ እውነቱን ነው፣ ለስለስ ብሏል። ልጄ ቁጭ አለ። ከጎኑ ያለውን ልጅ ኳስ ቀምቶ ተጣላ። የሾርባውን ማንኪያ ከእጄ ነጥቆ ራሱ ጎረሰ። ነርሶቹ ሳቁ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ እንደዚያች ሳምንት የጨከነብኝ የለም። ዕጢው ለመድኃኒቱ ይሸነፍ ነበር። በዓይኔ አየሁት። ጠንካራ ሳለ፣ ሳንባው ንጹሕ ሳለ፣ በረንዳዬ ላይ የሚሮጥ ነጋዴ ሳለ ቢጀመር ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ማንም ሳይነግረኝ በጣቴ ዳሰስኩት።

ከዚያ ሳንባው ውሃ ያዘ። ትኩሳት ተነሳ። መድኃኒቱን ሊቋቋም አልቻለምና ቆመ። ዶክተሩ አሁንም ወንበር ስቦ ከፊቴ ተቀመጠ፣ ሳይናገር ገባኝ፣ ግን ይናገር ብዬ ጠበቅሁት። ተናገረ። ልጄ አንድ ጠዋት፣ ጽዳቶቹ ወለሉን እየወለወሉ፣ ክንዴ ላይ ሞተ። እጁ የቀሚሴን ጫፍ ይዞ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።

ቦሳ ኪቶ አመጣነው። ጎረቤት ሞላ። ሆዱን የሚያደንቁት፣ ወስፋት ነው፣ ዓይን ነው ያሉት ሁሉ መጡ። «ኢና ሊላሂ» ይላሉ። «አልሃምዱሊላህ በይ፣ ጀነት የሚያማልድሽ ላክሽ» ይሉኛል። አማላጅ አልፈለግሁም፣ ልጅ ነበር የፈለግሁት። አጥበው ከፈኑት። ከፈኑ ትንሽ ነው፤ ጨርቅ ለክቼ የምቆርጥ ሴት ነኝና ባላየው ይሻለኝ ነበር።

ጀናዛው ሊነሳ ሲል ወንድምየው ከሊሙ እናቱንና ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ገባ። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁ። ፊት ለፊቴ በጉልበቱ ወደቀ። «አውፍ በይኝ። ለደግ ያሰብኩት ነው፣ አውፍ በይኝ» እያለ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ «ይቅር በይው፣ ልጄ። ጀናዛው ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ ሬሳ አይጉላላም» አሉ። ባሌም ከበሩ ሆኖ «በአላህ ይሁንብሽ» አለኝ። ሴቶቹ አለቀሱ። ያለቀሱት ለእሱ ነው። አንዷ ውሃ አቀረበችለት።

ለቅሶው እስኪያባራ ጠበቅሁ። ከዚያ አልኩት፣ «አውፍ እልሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርግ። ዶክተሩ ያለህን እዚህ ሰው ፊት ተናገር። መድኃኒት አለ እንዳለህ፣ ብዙ ልጆች ይድናሉ እንዳለህ። አንተ ነህ የሰማኸው፣ አንተ ንገራቸው።»

ቀና ብሎ እኔን አየ። ሽማግሌዎቹን አየ። እናቱን አየ። አፉን ከፈተ። ሊናገር ነው አልኩ።

«ቀደር ነው» አለ።

«ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ ተቀብለው። ደግፈው አነሱት።

አውፍ አላልኩም። ልጄን ተሸክመው ወጡ። ሴት ቀብር አትወርድምና እኔ ቤት ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የሚያወራው ይቅር አለማለቴን ነው፤ ሬሳ አቁማ የጨከነች ሴት ይሉኛል፣ ልብስ ሊያሰፉ መጥተውም በዓይናቸው ይሉኛል። ልጁ በምን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የጠየቀ ቢኖር እነግረዋለሁ፣ ሴትም ቢሆን፣ እናትም ብትሆን፣ ዓይኗን እያየሁ፦ የጉበት ካንሰር ነበር፤ መድኃኒት ነበረው።